ማች ያደረገልኝ ዶላር

2017 ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት የስልኬን ጋለሪ ወደኋላ ገለበጥኩት። ዓመቱን ሙሉ ያው ነኝ፦ ጥቁር ጂንስ፣ የወንድሜ ጃኬት፣ ሁለት ሸሚዝ። «ማች» ያደረገልኝ ፋሽን ሳይሆን ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100ን ተሻገረ። የምንለብሰው ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዋጋን ለለበሰበት ቀን ያካፍላል። በ2,400 ብር የገዛሁት ነጭ ስኒከር የወጣው ስድስት ቀን ነው፤ በቀን 400 ብር! (የአቃቂን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።) የ350 ብሩ የሳልባጅ ሸሚዝ ግን 70 ቀን ተለበሰ፤ በቀን 5 ብር። ከታክሲ ያንሳል። ታዲያ ሳልባጅ ለብሰን «ከዱባይ ነው» የምንለው ለምንድን ነው? እኔም ብያለሁ፣ አልክድም። ይብቃን።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እዚሁ ሰፈራችን በንጉሡ ዘመን የተቋቋመ፣ ደርግ በ1967 የወረሰው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንቱን አልብሷል። እኔ ቁምሳጥናችን ውስጥ አገር ውስጥ የተሸመነ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት የእናቴን ነጠላ ብቻ ነው።

ለ2018 ስኒከሩን እሸጣለሁ። 42 ቁጥር፣ ስድስት ቀን የተለበሰ። የሚፈልግ አለ?