ከረቂቁ በፊት እንድረስ

ውድ ሙስሊም ወገኖቻችን! ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። እንግዲያውስ ያለፉት ረቂቆች እንዴት እንደተለዋወጡ ማወቅ ለእኛ የዛሬ ጉዳያችን ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ስለ እምነት ነፃነት አንድም አንቀጽ አልነበረውም። የ1948ቱ በአንቀጽ 40 የአምልኮ ሥርዓትን መፈጸም ፈቀደ፤ በአንቀጽ 126 ግን የአንዱን እምነት ቤት የመንግሥት አደረገ። መብቱ ተጻፈ፤ እኩልነቱ ቀረ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ተረድተውት ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ተሰለፉ። የቃላት ጉዳይ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ባለቤት ወይስ እንግዳ የመሆን ጥያቄ ነበር። በዚያው ክረምት የወጣው ረቂቅ ሃይማኖትንና መንግሥትን ቢለይም ሳይጸድቅ ዘውዱ ወረደ።

በ1978 የደርግ ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት ሲቀርብ ከአንድ በላይ ማግባትን የሚመለከተው ሐሳብ በሙስሊሞች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በኅዳር 1987 ደግሞ ሸሪዓ በሕገ መንግሥቱ ዕውቅና እንዲያገኝ ሙስሊሙ በመዲናዋ ተሰለፈ። በዚያው ጊዜ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎች ከፈቀዱ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን አይከለክልም። አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ እንዳይገባ ይላል። አንቀጽ 27 እምነትን በግልም በጋራም መተግበርን ያረጋግጣል፤ ገደቦቹንም ይዘረዝራል።

እነዚህ አንቀጾች የእኛ ጋሻ ናቸው። በአንቀጽ 105 መሠረት የመብቶቹ ምዕራፍ የሚሻሻለው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ነው። የጸደቀ ቃል በቀላሉ አይነቀልም፤ ጥሩውም ክፉውም። ስለዚህ የምንደርሰው ረቂቁ ላይ ነው።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገጠር ቀበሌዎቻችን ቁጥራችን ጥቂት ነው። ብዙኃን ጉልበቱን ይተማመናል፤ ጥቂቶች የሚተማመኑት ሕግን ነው። ታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ በወረቀት ላይ ያለ መብት ብቻውን እንደማይጠብቅ አይተናል። ወረቀቱ ባይኖር ግን በምን ቆመን ፍትሕ እንጠይቅ ነበር?

ስለዚህ ከጁሙዓ በኋላ አንቀጽ 11ን፣ 27ንና 34ን በጋራ እናንብብ። የመስጊድና የመቃብር ቦታ ጥያቄያችንን በጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ አኑረን እናቅርብ። በየመድረኩ ሲጠሩን እንገኝ፤ ሳይጠሩንም እንጠይቅ። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጋር እንነጋገር፤ የምንጠይቀው ለእነርሱም የሚበጅ ነውና። ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ መሣሪያችንም ቃል ነው። ቃሉ ሲጻፍ በቦታው እንገኝ፣ ኢንሻአላህ።

አላሁ አክበር!