ለጓደኛችን መታሰቢያ የሚሆነው ምንድር ነው?



በዚህ ዓመት ከክፍላችን አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ መክረሙን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ወንበር ይቀመጥ የነበረው ጓደኛችን በጕልበቱ አጥንት ላይ በወጣ ካንሰር ታሞ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከመካከላችን ተለይቷል። እኛም መታሰቢያ እንዲሆነው ብለን የእግር ኳስ ግጥሚያና የቴያትር ምሽት አዘጋጅተን፥ መግቢያውን በ10 ብር እየሸጥን ገንዘብ ሰብስበናል። ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ግን «ለምን ይዋል?» የሚል ክርክር ተነሣ። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁትም በዚሁ ጕዳይ ያለኝን አሳብ ለመግለጥ ነው።

ከጓደኞቼ የሚበዙት «ከአዳማ፥ ከመቂ፥ ከሻሸመኔ ተነሥተው አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄዱ ሕመምተኞች በማደሪያና በስንቅ ይቸገራሉ፤ ገንዘቡ ለእነርሱ ይሰጥ። ምርምር የሀብታም አገር ሥራ ነው» ይላሉ። አሳባቸው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ አልነቅፈውም። እንዲያውም በአገራችን ለዚሁ ሥራ የቆመ ማኅበር አለ። በደም ካንሰር የሞተውን ሕፃን ማቲዎስ ወንዱን ለማሰብ ወላጆቹ በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለችግረኛ ሕመምተኞች መጠለያ ሆኗል። ኀዘንን ወደ ሥራ መለወጥ እንደሚቻል ከእነዚህ ወላጆች እንማራለን። ነገር ግን እኔ የምለው፥ የኛ ገንዘብ ለምርምር ይዋል ነው። ምክንያቴንም ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ጓደኛችን ጕልበቱን ያመመው በጥቅምት ነበር። «ኳስ ነው የመታህ፤ ይለቅሃል» ያልሁት እኔ ነኝ። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰው በሄደ ጊዜም ወደ ወጌሻ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ወጌሻውም እንደ ወለምታ ቈጥሮ አሸው። ሐኪም ዘንድ የደረሰው እብጠቱ ሱሪ አላስገባ ካለው በኋላ በየካቲት ነው። ልቅሶ ልንደርስ በሄድን ጊዜ እናቱ «ልጆቼ፥ ቀድመን ወስደነው ቢሆን ኖሮ ይተርፍልኝ ነበር?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ለእኒህ እናት ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው እንግዲህ ምርምር ማለት።

ምርምር ሰው ያድናል ወይ ለሚል፥ ካናዳዊውን ቴሪ ፎክስን ልጥቀስ። እርሱም እንደ ጓደኛችን የጕልበት አጥንት ካንሰር ይዞት፥ እንደ እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በ1977 (በፈረንጅ አቈጣጠር) አንድ እግሩ ተቈረጠ። ሐኪሞቹም የመዳን ተስፋው ከመቶ ኀምሳ መሆኑን፥ ከሁለት ዓመት በፊት ግን ከመቶ ዐሥራ አምስት ብቻ እንደ ነበረ ነገሩት። ልዩነቱን ያመጣው ምርምር መሆኑን ስለ ተረዳ በ1980 በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። የለመነውም ከየአንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር። በሽታው ሳንባው ስለ ገባ ሩጫውን ሳይፈጽም በ1981 በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ ገንዘቡ ግን ከመሞቱ በፊት 24 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይህ አይደለምን?

የምርምር ፍሬ ለሀብታም አገር ብቻ ነው ማለትም ትክክል አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሃውዘን ደርሶበት በ2008 (በፈረንጅ አቈጣጠር) የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚሁ ዕውቀት የተሠራው ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተዣመረ። እኅቶቻችን በትምህርት ቤት የተወጉት መርፌ የምርምር ፍሬ ነው።

«የኛ ጥቂት ብር ምን ትሠራለች?» ትሉኝ ይሆናል። ምርምር ሁሉ ግን ውድ መሣሪያ አይሻም፤ መጀመሪያው መቍጠር ነው። በአዲስ አበባ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የካንሰር ሕሙማን መዝገብ ይያዛል። ነገር ግን የሚመዘግበው የዚያችን ከተማ ነዋሪዎች ስለሆነ ጓደኛችን፥ የአዳማ ልጅ፥ በዚያ ቍጥር ውስጥ የለም። በከተማችን የአዳማ ሆስፒታል የሕክምና ኮሌጅ አለ። ገንዘባችንን ይዘን እንሂድና፥ ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚመጡ ሕመምተኞች ሕመሙ ከጀመራቸው አንሥቶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ስንት ወር እንደሚያልፍባቸው፥ መጀመሪያስ ወደ ማን እንደሚሄዱ ለሚያጠና አንድ ተመራማሪ የደብተርና የመኪና ወጪ እንስጥ። ለዚህ የኛ ብር ታንሳለች ብዬ አላምንም።

በርግጥ ዛሬ አልጋ ላይ ያለው ሕመምተኛ ጥናት አይበላም። ስለዚህ ግጥሚያውን በየዓመቱ እናድርግና፥ የሚመጣውን ዓመት ገቢ ለሕመምተኞች ስንቅ እናውለው። የዘንድሮው ግን ለእናቱ ጥያቄ ይሁን።

እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውምና፥ ሌሊት የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም ወይም የማይጐድል እብጠት ያየ ተማሪ ለወላጁ ይንገር፤ ወላጅም ከወጌሻ በፊት ሐኪም ያሳይ። እኔ ለጓደኛዬ ያልነገርሁትን ለእናንተ ነግሬአለሁ።