ተራራው ጫፍ አለው



እዚህ ናይሮቢ አፕል ከሱቅ የሚገዛ ፍሬ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ በምትገኘው በጨንቻ ግን የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ዛፉ ወደዚያ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሚሲዮናውያን እጅ ነው። እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፤ አፕሉና ችግኙ ደግሞ ተሸጦ ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል። ስለዚህ የአየር ንብረት መሞቅ ለጨንቻ ልጅ የጂኦግራፊ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ገበታ ላይ የመቆየት ጥያቄም ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ዛፉን እንወቅ። አፕል ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ነው፤ በደንብ የሚነቃውም በቂ ብርድ ካገኘ በኋላ ነው። ባለሙያዎች ብርዱን የሚለኩት ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነባቸውን ሰዓታት በመቁጠር ነው። ሬድ ዴሊሸስ የተባለው ዝርያ ወደ 1,000 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ አና ለተባለው ግን 300 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ብርዱ ሲጎድል እንቡጡ ዘግይቶና ተራርቆ ይፈነዳል። አብዛኛው አፕል ፍሬ ለመያዝ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ስለሚሻ፣ ሁለቱ በአንድ ሰሞን ካላበቡ የንቡ ምልልስ ከንቱ ይሆናል።

የእኛ ደጋ እንደ አውሮፓ ለወራት የሚዘልቅ ብርድ የለውም፤ ያለው የሌሊት ብርድ ነው። ገበሬው ቅጠሉን በእጁ እያረገፈ ዛፉን የሚቀሰቅሰውም ለዚህ ነው። ቀድሞውንም ጥቂት ከሆነው ብርድ ላይ ሲቀነስ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል።

«ታዲያ ከፍ ብሎ መትከል ነው» የሚሉ አሉ። ሒሳቡን እንሥራው። 1,000 ሜትር ስንወጣ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ ዛፉ የቀድሞውን ብርድ ለማግኘት 150 ሜትር ያህል መውጣት አለበት ማለት ነው። በህንድ ሂማቻል ፕራዴሽ ይህ ታይቷል፤ በኩሉ ሸለቆ ዝቅተኛ ቦታዎች ያሉ ገበሬዎች አፕሉን ትተው ወደ ሮማንና አትክልት ሲዞሩ፣ አፕሉ ወደ ከፍተኛዎቹ ሸለቆዎች ወጥቷል። ነገር ግን ተራራ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይጠባል፤ ጫፍም አለው። ከላይ ያለው መሬትም ባዶ አይደለም፤ ገብስ ይዘራበታል፣ ከብት ይግጥበታል። የታችኛው ገበሬ ደግሞ ማሳውን ተሸክሞ አይወጣም።

«አነስተኛ ብርድ የሚበቃው ዝርያ አለ» የሚለው መልስ የተሻለ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሆኖም አና ቶሎ የሚለሰልስ ፍሬ ስለሆነ ማቀዝቀዣና ደህና መንገድ ይፈልጋል። ችግኝ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ከችግኙ በፊት እውቀቱ ይድረስ። ከዚህ ገንዘብ ልካችሁ በአገር ቤት ደጋ ላይ አፕል ለማስተከል የምታስቡ ወላጆች ሦስት ነገር ጠይቁ። ዝርያው ስንት ሰዓት ብርድ ይፈልጋል? በቦታው ሌሊቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? አብሮት የሚያብብ ሌላ ዝርያስ አጠገቡ አለ? መልስ ካላገኛችሁ ገንዘቡን ያዙት። መልስ ብታገኙም እንሰቱ፣ ገብሱና ድንቹ ለአፕል ሲባል አይነቀሉ።

ልጆች፣ የእናንተ ድርሻ መለካት ነው። የኬንያ ተራራ በረዶ እየተመናመነ መሆኑን የምናውቀው ትናንት የነበሩ ሰዎች ለክተው መዝግበው ስላቆዩን ነው። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል፤ በየማለዳው አንብቦ መጻፍ ነው። የአንድ ዓመት መዝገብ ብዙ ላይናገር ይችላል። የ10 ዓመት መዝገብ ግን ምን መትከል እንዳለበት ለሚጨነቅ ገበሬ ከምክር ሁሉ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ የሚይዝ ትውልድ ከየትምህርት ቤቱ መውጣት አለበት።