የስልኩ ሥዕልና የሮቤ ወጣቶች

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በጋዜጣዎ የአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ስለ ወጣቶቻችን ጠባይና ስለ እጅ ስልክ በየጊዜው የሚወጣውን ጽሑፍ በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። የአብዛኞቹ ጸሐፊዎች ሮሮ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ልጆቻችን በቲክቶክና በፌስቡክ የባዕድ አገር አለባበስና ጭፈራ እየተመለከቱ ባህላቸውን ጣሉ የሚል ነው። እኔ በምኖርበት በሮቤ ከተማ ያየሁት ግን ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ፣ አሳቤን ለአንባብያን እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሮቤ ስል የባሌውን ሳይሆን ስንዴና ገብስ የሚታፈስበትን የአርሲውን ሮቤ ማለቴ ነው። ሁለቱን የሚያሳስት ሰው ብዙ ስለ ሆነ አስቀድሞ መናገሩ አይከፋም።

በመጀመሪያ ስለ ባህል የሚባለውን ላንሣ። ወጣቶች በአለባበሳቸው መወቀሳቸው ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ የልብስ ትርኢት ምክንያት ተማሪዎች ራሳቸው አጭር ቀሚስን ተቃውመው ብጥብጥ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። አጭር ቀሚስ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶም መጣ፤ አገሪቱ ግን አለች። እንዲያውም ስልኩ ባህልን ሲያስረሳ ሳይሆን ሲያስታውስ ያየሁበት ጊዜ አለ። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ሲንቄ ምን እንደ ሆነች የማያውቁ፣ በከተማ ያደጉ ልጆች፣ የሰርግ ሥዕል በስልካቸው አይተው መጥተው ሽማግሌ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። እዚህ በአፋን ኦሮሞ የተዘፈነ ዘፈን በአንድ ሌሊት ሚኒያፖሊስ ካሉት ዘመዶቻችን ዘንድ ይደርሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገበሬው የእህሉን ዋጋ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ሌሊት ከመጓዝ ድኗል። ስለዚህ ስልክ ይጥፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እርሱንም በዘመዶቼ ቤት ከደረሰው ብነሣ ይቀለኛል።

የእኅቴ ልጅ 10ኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች በ2014 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ከሄደች ከጥቂት ወራት በኋላ ፎቶግራፏ በስልክ ላይ ወጣ። ሰፊ ሳሎን፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ሶፋ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ትልቅ መብራት፤ እርስዋም በመካከሉ ቆማ ትሥቃለች። በሰፈራችን ይህን ፎቶግራፍ ያላየ ሰው አልነበረም። እናቷ ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤት ታሳይ ነበር፤ እኔም ሁለት ጊዜ ተቀብዬ አይቼዋለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነው። እርሱ ያን ሥዕል ስንት ጊዜ እንዳየው የሚያውቅ የለም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ልጁ ለማንም ሳይናገር ከደላላ ጋር ተስማምቶ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ወሬውን የሰማነው ከየመን ነው። ያገቱት ሰዎች ሲመታ የሚያሰማውን ጩኸት በስልክ እያሰሙን ገንዘብ ጠየቁ። እናቱ ሁለት በሬዎች ሸጠች፣ መሬቷን ለሦስት ዓመት በኮንትራት ሰጠች፤ የጎደለውን ዘመድ አዋጥተን ላክን። ልጁ በሕይወት ተመለሰ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሰዎች የተሳፈሩበት ጀልባ አብያን በተባለው የየመን ጠረፍ ሰጥሞ ከሰባ የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ እኅቴ ወሬውን በራዲዮ ሰምታ ልጇን ከመኝታው ቀስቅሳ አቅፋው እንደ ነበረ ነግራኛለች።

እኅቱም በዚያው ዓመት ተመለሰች። አንድ ቀን ስለዚያ ሳሎን ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ እኔ የማጸዳው ሳሎን ነው» አለችኝ። «ማዳሟ ገበያ ስትወጣ ቶሎ ብዬ ተነሣሁበት። የምተኛው ዕቃ ቤት ነበር።»

«ታዲያ ዕቃ ቤቱን ለምን አላነሣሽውም?» ብላት፣

«እናቴ አይታ እንድታለቅስ ነው? ደግሞስ ጓደኞቼ ሁሉ የሚያወጡት ሳሎን ነበር። የእነርሱ እውነት መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ። የምዋሸው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ብላ ዝም አለች።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን የዚህችን ልጅ ያህል ነገሩን ያስረዳኝ የለም። እያንዳንዱ ወጣት የራሱን ዕቃ ቤት ያውቃል፤ የሌላውን ግን የሚያየው ሳሎኑን ብቻ ነው። የራሱን ዕቃ ቤት ከሺህ ሰው ሳሎን ጋር ሲያወዳድር ውሎ ሲያመሽ፣ ገና በ18 ዓመቱ ከሰው በታች የወደቀ መስሎ ይታየዋል።

በእኛም ጊዜ ሰው ይዋሽ ነበር። ከአዲስ አበባ የተዋሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ለመስቀል ወይም ለዓረፋ የሚመጣ ጎረምሳ አይጠፋም ነበር። ነገር ግን ከአውቶቡስ በወረደ በማግሥቱ ልብሱ የማን እንደ ሆነ፣ መቼም እንደሚመለስ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የቡና ወሬ ብዙ ጉዳት ቢኖረውም ለዚህ ለዚህ ይጠቅም ነበር። የስልኩ ሥዕል ግን አራሚ ጎረቤት የለውም።

እንዲህ የሚሆነውም በአጋጣሚ አይደለም። ቲክቶክና መሰሎቹ ተመልካቹ በያንዳንዱ ሥዕል ላይ ስንት ሴኮንድ እንደ ቆየ ይቆጥራሉ፤ ዓይኑን ያቆመበትን ዓይነት ደግሞ መላልሰው ያመጡለታል። ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ የሚከፍላቸው ለዚያ ዓይን ነውና። አንድ ልጅ የዓረብ አገር ሳሎን ሦስት ጊዜ አተኵሮ ቢያይ፣ በማግሥቱ ሠላሳ ሳሎን ይቀርብለታል፤ ከሠላሳው መካከልም የደላላ ማስታወቂያ አይታጣም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ይፋ ባወጣችው ሰነድ ውስጥ፣ የኩባንያው የራሱ ተመራማሪዎች ኢንስታግራም ስለ ሰውነታቸው በሚጨነቁ ወጣት ሴቶች ላይ ከሦስቱ በአንዷ ጭንቀቱን እንደሚያባብስ ጽፈው ተገኝቷል። ይህ የተጻፈው ጠግበው ስለሚያድሩ አገሮች ልጆች ጭምር ነው። የእኛዎቹ ልጆች የሚያወዳድሩት መልክን ብቻ ሳይሆን ኑሮን በሙሉ ስለ ሆነ ሸክሙ ይከብዳል።

በዚህ ላይ የትምህርቱ ነገር ይጨመርበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነዋል። ኩረጃው በመቅረቱ እውነተኛው ውጤት ታወቀ፣ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ወደ እናት አባታቸው ቤት ሲመለሱ በእጃቸው ያለው ስልክ ነው። መሬቱ ከአባትና ከታላቅ ወንድም አልፎ ለእነርሱ አይደርስም። ሥራ የፈታ ልጅ ስልኩን ከማየት ሌላ ምን ያድርግ? ስልኩን ነጥቀን ብናስቀምጠውስ በምን ልንተካው ነው?

አርሲ ልጆቿ የሚመኙት ሰው አጥታ አታውቅም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ የበቆጂ ሕዝብ እንደ ቤተሰቡ ደስታ ተቀበለው፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ቀዬ ተከተሉ። የበቆጂ ልጅ ደራርቱን መሆን ሲመኝ ግን መንገዱን ያውቀው ነበር። ማለዳ በብርድ ሲሮጡ ያያል፤ ስንቱ ሮጦ ስንቱ እንደ ቀረ ያውቃል፤ ያልቀናው ወንድሙ ተመልሶ ሲያርስም ከጎኑ አለ። ወርቁን ከነላቡ ነበር ያየው። የዛሬው ሥዕል ወርቁን ብቻ ነጥሎ ያመጣል፤ መንገዱን የሚያሳየው ደላላው ነው፣ እርሱም በዋጋ ነው።

ማንነትን በሚመለከትም ያው አሠራር ነው የሚሠራው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ንዴት እንደ ወርቅ ሶፋ ዓይን ያቆማል። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በአርሲና በምዕራብ አርሲ ከተሞች ሰው ሞቶ፣ ቤትና ሱቅ ተቃጥሎ ያየን ሰዎች፣ አንድ ልጅ ማን መሆኑን ከጎረቤቱ ሳይሆን ከማያውቀው ሰው ስልክ ሲማር ምን እንደሚከተል ነጋሪ አንፈልግም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ኩባንያዎቹ በተነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ያዛል። መልካም ትእዛዝ ነው። የአማርኛንና የአፋን ኦሮሞን ምጸትና ስድብ ለይቶ የሚያውቅ በቂ አንባቢ ካልቀጠሩ ግን ትእዛዙ በምን ይፈጸማል?

አንዳንዶች ዘግቶ መገላገል ነው ይላሉ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው አምስት ወር ያህል ቆይተዋል። የሮቤ ልጆች ቪፒኤን የሚባለውን ማለፊያ ለመማር ሳምንት አልፈጀባቸውም፤ እንዲያውም ለእኔ ለሽማግሌው ጭምር አስገብተውልኛል። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የራሳቸው መዝገብ በእነዚህ መገናኛዎች እንዳይኖራቸው ከልክላለች። የእርስዋን ውጤት መከታተል ይገባል፤ ሆኖም አንድ ስልክ አባትም እናትም አምስት ልጆችም በሚጠቀሙበት ቤት የዕድሜ ክልከላ እንዴት እንደሚሠራ እኔ አይታየኝም።

እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። ከስደት የተመለሱ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ገብተው ስለ ዕቃ ቤቱ ይናገሩ። ንግግሩ በመድረክና በካሜራ ፊት አይሁን፤ ያ ደግሞ መልሶ ሳሎን ይሆናል። የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሴቶች ጋር ስልክ ውጭ አስቀምጠው ተቀምጣ ነበር። ልጆቹ የጠየቋት እኛ ያሰብነውን አይደለም፤ «ደሞዝሽን ማን ተቀበለልሽ? ስትታመሚስ ማን አስታመመሽ?» ነው ያሉዋት። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

እኛ ወላጆችና ዘመዶችም በዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። የእገሌ ልጅ ለአባቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች፣ ያንተስ ቁም ነገር ምንድን ነው እያልን በእራት ሰዓት የምንናገረው እኛ ነን። ያን ፎቶግራፍ ከቤት ቤት ያዞርነው ልጆቹ አልነበሩም። እኔም ሁለት ጊዜ ተቀብዬ አይቼ፣ ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ «ጎበዝ ልጅ» ብያለሁ።

ልጁ አሁን ከጎረቤት ገበሬ ጋር በኮንትራት መሬት ላይ ገብስ ዘርቷል። ስለ የመን አይናገርም፤ እኛም አንጠይቀውም። ልጅቱ የሳሎኑን ፎቶግራፍ ከራስዋ መዝገብ ከሰረዘችው ቆየች። ነገር ግን ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ መጥታ «ይህቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለቻት። ሥዕሉ አንድ የማናውቀው ሰው በከፈተው ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩም ሥራ ፈላጊዎች እንዲደውሉበት የስልክ ቍጥር ተጽፎበታል። እንዲነሣላት ለኩባንያው ሦስት ጊዜ አመልክታለች፤ ለሚመለከተው የመንግሥት አካልም በጽሑፍ አስታውቀናል። ይህን ደብዳቤ እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ሥዕሉ አልተነሣም።

አክባሪዎ፣
አንድ የሮቤ ነዋሪ
ሮቤ፣ አርሲ