የሌሊት ጯኺዋ ድመት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ድመቷ የመኝታ ቤቱን በር እየቧጨረች ስትጮኽ ቤተሰቡ ሁሉ ይነቃል። አባት ይቆጣሉ፤ አያት ደግሞ «ልጆቹ ይተኙበት» ብለው ቁራሽ ሥጋ ይጥሉላታል። እሷ የምታስታውሰው ሥጋውን ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ትመጣለች።

ይህን ለማስተው መጀመሪያ ቤተሰቡ አንድ ቃል ይሁን። ማታ ልጆቹ ክር እየጎተቱ ያሯሯጧት፤ ወዲያው እራቷን ስጧት። ድመት ካደነችና ከበላች በኋላ መተኛት ተፈጥሮዋ ነው። ሌሊት ስትጮኽ አትነሱ፤ አትቆጧትም፤ ቁጣም ለእሷ መልስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቷ ሊብስ ይችላል። ያኔ ተሸንፎ የሚነሳ ሰው «አብዝተሽ ጩኺ» ብሎ አስተማራት ማለት ነው። ጠዋትም ምግቧን ዝም ስትል ስጧት።

ዱላ ግን አይነሳ። የተመታች ድመት ትፈራለች፤ የፈራች ድመት ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፤ አጠገቧ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ነርስ ሳለሁ ለወላጆች ደጋግሜ የምነግረውን ዛሬም ልድገመው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ዕለትም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ዝምተኛ የነበረች ድመት በድንገት ጯኺ ከሆነች ታማ ሊሆን ይችላል፤ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው ግን አታሳድሩት።