የእኛን ኤፍ-5 ማን ይሥራት?

በ1969 ክረምት በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚግ-21ዎች የመቱት ኤፍ-5ኢዎቻችን ሲነሱ ደረታችንን እንነፋለን። አንዷን ከፕላን ላይ አሳንሶ በሪሞት የምትበር አድርጎ የሚሠራ ወጣት ሲመጣ ግን «ዕቃ ዕቃ ጨዋታ!» እንላለን።

እንዴ ወገን! የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 8.13 ሜትር ነው፤ ለ10 ሲካፈል 81 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በዚህች አጭር ክንፍ ፍጥነቷ ከቀነሰ ትወድቃለች፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል፣ ሙጫው ሳይቀር። ባትሪው ትንሽ ወደ ኋላ ከሄደ ጅራቷ ይከብድና አልታዘዝም ትላለች። ይህን ፊዚክስ የትኛው ክፍል ውስጥ በእጃችን ነካነው?

ቦሌ ላይ፣ ኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር፣ ማብረር አይታሰብም፤ እሺ። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ፈቃድ ያለው አንድ ሜዳስ? (የኳሱስ ሜዳ የት ቀረና እንዳትሉን!)