ሐዘን ስንት ቀን ይፈቀዳል?

አባቱ የሞተበት ሰው ጭልፊት ገዝቶ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ ቢባል፣ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ዘመድ የለውም እንዴ?» የሚል ነው።

እንግሊዛዊ ደራሲ ሄለን ማክዶናልድ ያደረጉት ይህንኑ ነው። አባታቸው አሊስዴር ማክዶናልድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በድንገት ሞቱ። ልጃቸው በ800 ፓውንድ አንዲት ጎስሆክ ገዙ። ጎስሆክ ከጭልፊት ወገን የሆነች፣ ለማላመድ አስቸጋሪ ናት የምትባል አዳኝ ወፍ ናት። ሜብል ብለው ስም አወጡላት፤ ካምብሪጅ ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዷት፤ መጋረጃ ዘጉ፣ ስልክ ነቀሉ፣ ወዳጆቻቸውንም እንዳይመጡ ነገሯቸው።

ከዚህ የተወለደው «ኤች ኢዝ ፎር ሆክ» የተባለው ግለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ የሳሙኤል ጆንሰን ሽልማትንና የኮስታ የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ ሽልማትን አገኘ። በ2025 ደግሞ ክሌር ፎይ የተወነችበት ፊልም ሆነ። አንባቢው ግን በዚህ መጽሐፍ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዱ አልቅሶበት፣ ሐዘን ለገጠመው ወዳጁ ገዝቶ ይሰጣል። ሌላው ግማሽ ላይ ሳይደርስ ይዘጋዋል። የሚዘጉትን ሰዎች ምክንያት ማድመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያታቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ።

የመጀመሪያው ቅሬታ «ሐዘኑ በዛ» የሚል ነው። ሟቹ ወላጅ ናቸው፤ ልጃቸውም ትልቅ ሰው፤ ወላጅ ቀድሞ መሞቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ታዲያ ልጁን የቀበረ ሰው ምን ይበል? ይህ አነጋገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ «በቃሽ፣ ፈጣሪን አታማሪ» ሲባል ያልሰማ የለም።

እኛ ለሐዘን መለኪያ አለን። ድንኳኑ ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ይቆጠራል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰምጥ ያደርጋል። ግን ሌላም ገጽ አለው። ቀኑ ሲያልቅ ሐዘኑም አብሮ እንዲያልቅ እንጠብቃለን። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሚያለቅስ ሰው ያሳፍረናል። ውጭ አገር ላለው ደግሞ ይብሳል። መርዶውን ሽማግሌ ሳይሆን ስልክ ይነግረዋል፤ ፈቃዱ በቀን ተቆጥሮ ያልቅና በአራተኛው ቀን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራ ይገባል።

ስለዚህ «በዛ» የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም። መጽሐፍ መዝጋት የአንባቢ መብት ነው፤ ከባድ ነው ብሎ መተውም ያባት ነው። ነገር ግን ሐዘንተኛን ጊዜው እንዳለፈበት እንግዳ ቆጥሮ «መቼ ነው የምትሄደው?» ማለት ስለ መጽሐፉ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ስለ እኛ ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ግን የሚመዝን ነው። የሚመጣውም ከእንስሳት ወዳጆች ነው። ወፏ እግሯ ላይ የቆዳ ማሰሪያ አለ። በየቀኑ በሚዛን ትመዘናለች፤ ክብደቷ ልክ ካልሆነ ለአደን አትለቀቅም። በጭልፊት ማደን በገልፍ አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን የታወቀ ነገር ነው። ሜብል ጥንቸል ትይዛለች፤ ማክዶናልድም ጥንቸሉ እንዳይሠቃይ አንገቱን በእጃቸው ይሰብራሉ። «የሰው ሐዘን እንዲቀል ጥንቸሉ ለምን ይሞታል? ወፏስ ለምን ትታሰራለች?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

እውነቱ ይህ ነው፤ ጭልፊቷ የማንም አስታማሚ አይደለችም። አባት መሞቱን አታውቅም። ዛሬ የመጽሐፍ ገበያው ውስጥ ሐዘንና እንስሳን ያጣመሩ ግለ ታሪኮች በርክተዋል፤ ብዙ ጊዜም እንስሳው ነጭ ካፖርት እንዳጠለቀ ነርስ ሆኖ ይቀርባል። ሰው ይሰበራል፣ እንስሳ ይመጣል፣ ሰው ይድናል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚጠሉ አንባቢዎች ትክክል ናቸው።

ማክዶናልድ ግን ይህን ክስ ራሳቸው ቀድመው አቅርበውታል። ብዙ አንባቢ «አሰልቺ» ብሎ የሚዘለው የመጽሐፉ ክፍል ስለ ቲ. ኤች. ዋይት የሚያወራው ነው። በንጉሥ አርተር ልቦለዶቻቸው የሚታወቁት ዋይት በ1930ዎቹ ሙያውን በቅጡ ሳያውቁ አንድ ጎስሆክ ለማላመድ ሞክረው ነበር። የራሳቸውን ቁስል ወፉ ላይ ጫኑበት፤ ባለማወቅ አሠቃዩት፤ በመጨረሻ ማሰሪያው ተበጥሶ ጠፋ። ታሪኩን በ1951 «ዘ ጎስሆክ» ብለው አሳተሙት። ማክዶናልድ ዋይትን ያመጧቸው ገጽ ለመሙላት አይደለም፤ ሰው ሕመሙን በእንስሳ ላይ ሲያራግፍ እንስሳው ምን እንደሚደርስበት ለማሳየት ነው። ያንን ክፍል የዘለለ አንባቢ መጽሐፉ በራሱ ላይ የሰጠውን ምስክርነት ዘሏል።

የታሪኩ መታጠፊያም ወፏ አይደለችም። በለንደን ለአባታቸው በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ማክዶናልድ የተሰበሰበውን ሰው ያያሉ፤ ከሰው መሸሻቸው ስሕተት እንደነበረ የሚገባቸው ያኔ ነው። ሐኪም ዘንድም ሄደው መድኃኒት ይጀምራሉ። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን የእኛን ተረት አያውቁትም፤ የደረሱበት ግን እዚያው ነው። ሜብል የሰጠቻቸው ሌላ ነገር ነው፤ ከራሳቸው ውጭ የሆነ፣ ለሐዘናቸው ግድ የሌለው ሕይወት በየቀኑ እንዲያዩ አስገደደቻቸው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገጥመኝ የምጠይቀው «ሐዘኑ በዛ ወይ?» ብዬ አይደለም። የመጨረሻውን ገጽ ስዘጋ እንስሳው እንስሳ ሆኖ ቀርቷል ወይ? የምለው ይህን ነው። በ2024 የታተመው የክሎይ ዳልተን «ሬይዚንግ ሄር» የሐዘን መጽሐፍ ባይሆንም በዚህ መለኪያ ያልፋል፤ በወረርሽኙ ጊዜ ያገኟትን የጥንቸል ግልገል ሲያሳድጉ ስም እንኳ አላወጡላትም፤ እንደ ፈቀደች እንድትወጣና እንድትገባ ትተዋታል።

ለሰው ሐዘን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ስንት ቀን ሆነው ሳይሆን አጠገቡ ማን አለ የሚል። ማክዶናልድ ስልኩን የነቀሉት ራሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ ሳይነቀል ነው የሚደወልለት የሚጠፋው። እስከ ሰልስት በሩ አይዘጋም፤ ለአርባው እንመጣለን፤ ከዚያስ? ባለፈው ዓመት እናቱን ወይም አባቱን የቀበረ ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ካነበበ በኋላ ቢደውልለት፣ «እስካሁን አልወጣልህም እንዴ?» ሳይሆን «እንዴት ነህ?» ቢለው፣ መጽሐፉን ባያነብም ግድ የለም።